በቅዳሜው የእንግሊዝኛ ክፍል ከልጄ ጎን እንድቀመጥ

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጅማ

ለክቡር አቶ ደበበ ገብረየስ
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ጉዳዩ፦ ከእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት እንድወጣ የተላለፈብኝ ትእዛዝ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ዙቤይዳ ጀማለዲን በሄርማታ ገበያ ቅመም የምሸጥ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪው የሸኩር መሐሙድ እናት ስሆን፣ የደረሰብንን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ሸኩር ዓይነ ስውር ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በብሬል ስላልተገኘለት ከገበያ ስመለስ እኔ አነብለታለሁ፤ እርሱ በቃሉ ይይዛል። እኔ ግን ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ለብቻው አውቀዋለሁ፤ ሲገጣጠም ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ቢላዋ ማለት የሆነውን ቃል እንደ አጻጻፉ «ክናይፍ» ብዬ አነበብኩለት። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ከእኔ እንደ ሰማው ቢናገር ልጆቹ ሳቁበት። ቤት ሲመጣ አልተቆጣኝም። «እማ፣ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ካለ አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?» ብቻ አለኝ።

2. የእንግሊዝኛ መምህሩን አቶ ገላናን ሄጄ አማከርኳቸው። «የቅዳሜው ማጠናከሪያ የታችኛውን ክፍል ንባብ፣ ቃላትና ሰዋስው የሚከልስ ነው፤ ይምጡና ከልጅዎ አጠገብ ይቀመጡ» አሉኝ። ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ቢሆንም መደቡን ለእኅቴ ትቼ ሄድኩ። «ሂ» እና «ሺ»ን መለየት፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ግሥ መጨረሻው ላይ «ኤስ» እንደሚጨመርበት ተማርኩ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለሸኩር በጆሮው አንሾካሹክለት ነበር። ቤት ሳነብለት ደግሞ «ኤሷን ረሳሻት!» እያለ ያርመኝ ጀመር። ስንሳሳቅ ጎረቤት ምን አገኙ ይል ነበር።

3. ባለፈው ወር ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወደ ክፍሉ ገብተው በልጆቹ ፊት «እናት፣ ይህ የተማሪ ቦታ ነው፤ ይውጡልን» አሉኝ። ወጣሁ። መስኮት ሥር ቆሜ ለመስማት ብሞክር ጥበቃው «ታዝዤ ነው እኅቴ፤ እኔን አታስወቅሺኝ» አለኝ። ሸኩር ብቻውን መሄዱን አልተወም። ነገር ግን መምህሩ በጠመኔ እያመለከቱ «ይሄኛው ከዚህኛው ጋር ይሄዳል» ሲሉ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ በርበሬ ስመዝን እንኳ አሳቤ እዚያ ክፍል ነው። ፈተናው እየቀረበ ነው። ትናንት መጽሐፉን ስገልጥ «ተይው እማ፣ በሌላው ትምህርት አካክሰዋለሁ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔን ለማሳረፍ ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።

ስለዚህ ከልጄ ጎን እንድቀመጥ እንዲፈቀድልኝ፣ ይህ ከደንብ ውጪ ነው ከተባለም ሰሌዳውን የሚያነብለት ሰው እንዲመደብለት እለምናለሁ። ድምፄን አላሰማም፤ ወንበር ከጠበበ ቆሜ እማራለሁ።

ሸኩርን ለቅዳሜ ተዘጋጅ ብዬዋለሁ። «አንቺስ?» ሲለኝ «ኢንሻ አላህ» ነው ያልኩት። ከዚህ የበለጠ ቁርጥ ያለ ቃል ይዤለት ቤት እንድገባ ያብቁኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ዙቤይዳ ጀማለዲን
(ፊርማ)