ለማርታ ትከሻ የተመረጠው እጅ

ልጄ፤

በገበያ ስለ እኔ የሚወራውን ሌላ ሰው አዛብቶ ሳያደርስልሽ እኔው ላርመው። «አሮጊቷ የልጅ ልጇን ለጣሊያኑ ካፒቴን ሚስት ሰጠች፤ በለውጡ ነጭ ቀሚስ ተቀበለች» ይላሉ። ውሸት ነው። በቀትር ጥቅል ይዤ ወደ ካፒቴኑ ግቢ ስገባ ብዙ ሰው አይቶኛል፤ ባዶ እጄን ስወጣ ግን ያየኝ የለም መሰለኝ። የሄድሁት ቀሚሱን ልመልስ ነው። መልሼዋለሁ።

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ልብስ ታሰጪበት የነበረው የሐይቁ ዳር ዋርካ የለም፤ ጣሊያኖቹ ለካሚዮን መንገድ ቆረጡት። ጉቶውን እንኳ ነቅለው አልጨረሱም። በአልጋሽ ላይ ማርታ ትተኛለች። ቁመቷ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ፊደል ጨርሳ ዳዊት ጀምራለች፤ ስታነብ ግን ትቸኩላለች። መቸኮሉን የወረሰችው ከአንቺ ነው፤ በየቀኑ አርማታለሁ። አባቷ ጣሊያን የገባ ጊዜ እንደ ዘመተ ቀረ፤ ዛሬም ወሬው የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ተናድጃለሁና፣ እንዳላደባልቀው በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

በሚመጣው እሑድ ጳጳሱ ከጎንደር መጥተው የኛን፣ የጥቂቶቹን ካቶሊኮች ልጆች ሜሮን ሊቀቡ ነው። የሚቀባ ልጅ ከኋላው የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ቀኝ እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ለዚህ ልጅ እኔ አለሁ የሚል። ለሴት ልጅ የምትቆመው ሴት ናት። ይህን ልጅ ሳለሁ ኤርትራ፣ ከረን፣ በጣሊያን ደናግሉ ትምህርት ቤት በቃሌ ይዤዋለሁ። የተሳሳተች ልጅ መዳፏን በበትር ትመታ ነበር፤ እኔ ተመትቼ አላውቅም።

ፓድሬው፣ ከወታደሮቹ ጋር የመጣው ቄስ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ለማርታ የካፒቴኑን ሚስት መርጬላታለሁ፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። አንቺ ነው የሚለኝ፤ እናቱን የማክል ሴት ነኝ። «መምረጥ የቤተሰብ ነው አባ» አልሁት። «ምን ቤተሰብ አላት? እናቷ ሞታለች» አለ። ማርታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ያን ዕለት ከቤቴ ያላስወጣሁት ለክህነቱ ብዬ ነው።

በማግሥቱ ቀሚሱ ተላከ። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ መጥፎ ነው ብል እዋሻለሁ። ማርታ ለብሳው ዞር ዞር አለች። ጥቅሉን ሳራግፍ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ወደቀ። ጥቁር ሽርጥ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር የወጥ ቤት ሽርጥ፣ በማርታ ልክ የተሰፋ። ለሜሮን ሽርጥ ታጥቆ የሚቀርብ ልጅ እኔ አላየሁም።

ሁለቱንም አጣጥፌ ሄድሁ። ሴትዮዋና ፓድሬው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጣሊያንኛ እንደምሰማ አያውቁም፤ ጠይቀውኝ አያውቁማ። «አያትየዋ ይቺ ናት?» አለች ሴትዮዋ። «ልጅቷ ክንዷ ጠንካራ ነው። አሥመራ ስንዛወር እወስዳታለሁ፤ እዚያ ደህና ልብስ አጣቢ አይገኝም።» ፓድሬውም ሣቅ ብሎ፣ «የሜሮን እናቷ ከሆኑ በኋላ ማን ይከለክልዎታል?» አላት።

«እኔ እከለክላለሁ፣ ሲኞራ» አልኋት በጣሊያንኛ። «ሽርጡን ይዤልዎት መጥቻለሁ። የሚያጥቡት ልብስ ሳይኖርዎት አይቀርም።»

የያዘችውን ሲኒ የምታስቀምጥበት ጠፋባት።

ፓድሬው እስከ አጥሩ በር ተከተለኝ። «ሌላ ካቶሊክ ሴት ካላመጣሽ ሲኞራዋ ትቆማለች፤ ለጳጳሱ ተነግሯል» አለ። በዚህ አገር ከእኔ በቀር ሲኞራዋን ደፍራ የምትቆም ካቶሊክ ሴት እንደሌለ እያወቀ ነው የሚለኝ። እኔን ደግሞ አርጅተሻል ብሎ አስቀድሞ ከልክሎኛል። «ማርታ የክርስትና እናት አለቻት፤ ዘጌ ናት» አልሁት። «እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ የኛ አይደለችም» አለ። «የማርታን ጥምቀት ግን ይቀበላሉ?» ስለው፣ «ጥምቀት ጥምቀት ነው» ብሎ መለሰልኝ። «እንግዲያው በዚያው ቀን፣ በዚያው ቄስ እጅ ሜሮንም ተቀብታለች። በዚህ አገር ሕፃን ሲጠመቅ ወዲያው ይቀባል። ሜሮንም እንደ ጥምቀት ሁሉ አይደገምም። ይህን እኔ በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፤ ሲነገር እርስዎ የት ነበሩ?»

ፊቱ ደም መሰለ። «የናንተን ዘይት አላውቀውም» ብሎኝ ተመለሰ።

ልክ ነኝ። ልክ መሆኔ ግን ማርታን አያስጥልልኝም። እሑድ ማለዳ ሁለት ወታደር ይልካሉ፤ ሲኞራዋ ጓንት ያጠለቀ እጇን ትከሻዋ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ናት ብትል የሚሰማት እንጂ የሚጠይቃት የለም።

ይህን ሙግት የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ በዚህም ተናድጃለሁ። ማርታ ስትወለድ የኛ ቄስ በአቅራቢያ አልነበረምና ጠብቂ አልሁሽ። አንቺ ግን ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ፣ እኔ ሐሙሲት ገበያ መሄዴን ጠብቀሽ፣ በኢብራሂም ታንኳ ዘጌ ተሻገርሽ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ሲመሽ ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ ረጥቦ፣ እየሣቅሽ ገባሽ። «እማ፣ አስጠመቅኋት» አልሽኝ። የሕፃኗ ግንባር በቅባት ያበራል፤ አንገቷ ላይ ማተብ ታስሯል። ክርስትና ያነሣቻት ቡና ለቃሚዋ ባልንጀራሽ አንጓች ነበረች። እስከ ፍልሰታ አላናገርሁሽም። ዛሬም ብትጠይቂኝ ጠብቂ ነው የምልሽ፤ ሐሳቤን የለወጥሁ እንዳይመስልሽ።

ለቅሶሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን አንጓች ቀረች። ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ማርታን ይስጡኝ። እናቷ ባትኖር እኔ አለሁላት ብዬ ነው ያነሣኋት» አለች። «እኔ በሕይወቴ ሳለሁ?» ብዬ አሳፈርኋት። አልተቀየመችም። ታንኳ በመጣ ቁጥር ለማርታ ሎሚ ትልካለች፤ ለእኔም ሰላምታ። ሰላምታውን ሳልመልስ ሎሚውን ስንበላ ኖርን።

ማርታ ከቤቴ መውጣቷ ካልቀረ የምትሄድበትን የምመርጠው እኔ ነኝ ልል ነበር። ልክ አይደለም። አንቺ መርጠሽ ጨርሰሻል፤ እኔን ሳታማክሪ።

አልጋሽን አላነሣም። ዋርካው የነበረበትን ባየሁ ቁጥር ያሰጣሽው ልብስ ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ጉቶውን ነቅለው ቢጨርሱም አያለሁ። ይህን ቃሌን ያዥልኝ።

ነገ በመጀመሪያ፣ ሳይነጋ ማርታን እቀሰቅሳታለሁ። ፀጉሯን አጥብቄ እሠራታለሁ፤ ታለቅሳለች፣ ታልቅስ። የአንቺን ነጠላ አለብሳታለሁ፤ ጠርዙን ዛሬ ጠቅሜዋለሁ። ዳዊቷን ከነማኅደሩ አንገቷ ላይ አንጠለጥልላታለሁ፤ የት ላይ እንደ ደረሰች አንጓች ማወቅ አለባት። ኢብራሂም ታንኳውን ከጉቶው አጠገብ ያቆማል። ነገሩን ስነግረው፣ «ያኔም ያሻገርኋት እኔ ነኝ እማማ፤ ያኔ ግን ቀለል ትል ነበር» ብሎኛል። ዘጌ ስንደርስ የአንጓችን ቀኝ እጅ ይዤ በማርታ ትከሻ ላይ አኖረዋለሁ። ሎሚው ደርሶኝ እንደ ነበርም እነግራታለሁ።

ከዚያ ብቻዬን እመለሳለሁ። እሑድ የማርታ ስም ሲጠራ የምነሣው እኔ ነኝና፣ ተቀብታለች፣ ሜሮን አይደገምም ብዬ ለጳጳሱ የምናገረውን ጣሊያንኛ ከቤቴ በር ፊት ቆሜ እለማመደዋለሁ። አንዲት ስሕተት እንኳ እንድትገባበት አልፈልግም።

እናትሽ