ማርሊን የምትባል ሴት መኖር አለመኖሯ እንዲገለጽልኝ

ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.

ለኮሎራዶ ግዛት የኢንሹራንስ ጉዳዮች ተቆጣጣሪ ቢሮ
ለክቡር የቢሮው ኃላፊ
ዴንቨር

አመልካች፦ ዳኛቸው ሀብተወልድ
አድራሻ፦ ቻምበርስ ሮድ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ በእምነት ስም ተሰባስበው የሕክምና ወጪ የሚካፈሉ ማኅበራት አሠራራቸውን በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ደንብ እንዲጠናከር፣ ለግል ጥያቄዬም መልስ እንዲሰጠኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የአውሮራ ነዋሪ ነኝ። የምተዳደረው በአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና አከራይ ድርጅት ውስጥ ተመላሽ መኪናዎችን ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያውም ወደ ማቆሚያው በመንዳት ነው። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የምኖረው ብቻዬን ነው። አንዲት ልጄ አቢጊያ በሲያትል ትሠራለች። ይህን አቤቱታ በአማርኛ የጻፍኩት በቋንቋዬ ማመልከት እንደምችል በቢሮዎ ስልክ ላይ ያገኘኋት አስተርጓሚ ስለነገረችኝ ነው። ልጄ ብትተረጉምልኝ ይቀል ነበር። ነገር ግን እሷ እንዳታዝን ብዬ የምተወው ነገር ይበዛ ነበር።

2. ከሦስት ዓመት በፊት ድርጅቱ የሥራ ሰዓቴን ሲቀንስብኝ የጤና ኢንሹራንሴ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በሎውሪ ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ ከሚያመልከው ጉባኤያችን ወንድም ፍፁም ስለ አንድ ማኅበር ነገረኝ። ስሙ «የወንድማማች ሸክም» ይባላል፤ ዋና ቢሮው በሌላ ግዛት ነው። ወንድም ፍፁም እሱ ራሱ አባል ነበር እንጂ ወኪላቸው አልነበረም፤ ከእኔም ያተረፈው ነገር የለም። ይህን የምጽፈው ነገሩ በእሱ ላይ እንዳይመጣ ነው። በስልክ የመዘገበችኝ ሴት «ይህ ኢንሹራንስ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው» አለችኝ። እኔ የመጀመሪያውን ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ራሳቸውን እንደማመስገን ቆጠርኩት። ቤተሰብ የሚለው ግን ልቤ ገባ።

3. ማኅበሩ በየወሩ መጀመሪያ በኢሜይል መልእክት ይልካል። የዚህ ወር መዋጮህ የሚደርሰው ለእገሌ ነው ይልና ስሙን፣ ከተማውንና ሕመሙን ይገልጻል። ጸልይለት፣ ጻፍለትም ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ስከፍል ገንዘቤ ለማን እንደሚደርስ የነገረኝ አልነበረም። አሁን ግን በየወሩ አንድ ሰው ተሰጠኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ወርዶ በሄደበት መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው። የሰውየው ሽቶ ሳይጠፋ፣ የከፈተው ሬዲዮ ሳይዘጋ እገባለሁ። ሬዲዮውን እዘጋና ለተሰጠኝ ሰው እጸልይ ነበር። በመጀመሪያ አስም ያለበት የጆርጂያ ልጅ ነበር፣ ቀጥሎ እግሩን የተሰበረ ፓስተር።

ከዚያ ማርሊን መጣች። በኦሃዮ የምትኖር አያት ናት፤ ከደረጃ ወድቃ ጀርባዋን ኦፕራሲዮን ሆናለች ተባለ። ሌሎቹ በየወሩ ሲለዋወጡ ማርሊን ግን ቆየች፤ ኦፕራሲዮኑ ስላልያዘላት ሁለተኛ ያስፈልጋታል የሚል መልእክት ተከተለ። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ እንግሊዝኛውን አቢጊያ አረመችልኝ። አድራሻዋ ስለማይሰጥ የላክሁት በማኅበሩ በኩል ነው። መልስ አልመጣም። ጀርባዋን የታመመች ሴት ተቀምጣ መጻፍ አይሆንላትም ብዬ አልተቀየምኩም።

እሁድ በጸሎት ሰዓት ተነስቼ ጉባኤው እንዲጸልይላት ጠየቅሁ። ሽማግሌያችን ወንድም ፍቅረየሱስም ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሟ ይጠሯት ጀመር። የሰንበት ትምህርት ልጆች ሥዕል ያለበት ካርድ ሠርተው ላኩላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ከአምልኮ በኋላ ሰው በር ላይ ጨብጦኝ ያልፍ ነበር። ከማርሊን ወዲህ ግን ቆም ብለው «እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። እኔም የምናገረው አገኘሁ።

4. ባለፈው ክረምት፣ በረዶ በወረደበት ሳምንት፣ መኪና እየነዳሁ ሳለ ከቀኝ ጎኔ ሥር ከፍተኛ ሕመም ያዘኝ። መኪናውን ዳር አስይዤ ፓርክ አደረግሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ አውሮራ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዱኝ። የሐሞት ከረጢቴ መርቅዞ ስለነበር በማግስቱ ወጣልኝ። ከመውጣቴ በፊት ነርሷ ወደ ቤት የሚወስደኝ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቶሎ መልስ ስላልሰጠሁ እንግሊዝኛው ያልገባኝ መስሏት ጥያቄውን ቀስ ብላ ደገመችልኝ። የወንድም ፍፁምን ስም ሰጠኋት፤ እሱም ሥራውን ትቶ መጣ።

ወጪውን ለማኅበሩ አቀረብኩ። ከዓመታት በፊት ሆዴን ያመኛል ብዬ ለሐኪም የነገርኩት በፋይሌ ስለተገኘ፣ ሕመሙ ከአባልነቴ በፊት የነበረ ነው፣ አንካፈለውም አሉኝ። ይግባኝ አልኩ። ይግባኙን የሚያየው የማኅበሩ የራሱ ጉባኤ ነው፤ እነማን እንደሆኑ አልተነገረኝም። መልሱ ያው ሆነ። በሆስፒታሉ ያለች ሶሻል ወርከር አቅም ለሌለው የሚደረገውን ቅናሽ አመልክታልኝ አብዛኛው ዕዳ ተነስቶልኛል፤ ስለዚህ በዚህ አቤቱታ ገንዘብ አልጠይቅም።

እኔ እጠብቅ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ስመዘገብ፣ የታመምህ ቀን ስምህ ለወንድሞችና ለእህቶች ይደርሳል፣ ይጸልዩልሃል፣ ይጽፉልሃል ተብዬ ነበር። ቁስሉ እስኪሽር ቤት በተቀመጥሁበት ጊዜ የአፓርታማችንን የፖስታ ሳጥን ለማየት በበረዶው ላይ እየተጠነቀቅሁ እወርድ ነበር። የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያና የፒዛ ኩፖን ነው የማገኘው። በመጨረሻ ደውዬ ስሜ ለማን ተልኮ እንደሆነ ጠየቅሁ። ያነጋገረችኝ ሴት ድምፅዋ መልካም ነበር፤ «ወጪው ስላልጸደቀ ስምዎ አልተላከም» አለችኝ። ወጪው የተከለከለ ሰው ጸሎትም እንደሚከለከል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

5. ያም ሆኖ ለማርሊን መጸለዬን አልተውኩም፤ የእሷ ጥፋት አልነበረምና። በጸደይ ወራት ከሌክውድ የሚመጡ እንዳልክና ፋና የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ጉባኤያችንን ተቀላቀሉ። በአንድ እሁድ እንደ ልማዴ ተነስቼ የማርሊንን ነገር ካሳሰብኩ በኋላ ፋና ከባሏ ጋር ወደ እኔ መጣች።

«ጋሽ ዳኛቸው፣ ማርሊን ያሏት የኦሃዮዋን ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እኛም እኮ ለእሷ ነው የምንጸልየው። መንታዎቹ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው አሁንም ሆስፒታል ናቸው አይደል?»

የእኔዋ ማርሊን አያት እንደሆነች ነገርኳት። ከተማው አንድ ነው፤ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የአባቷ ስም መነሻ ፊደልም አንድ ነው። ሦስታችንም ሳቅን። እንዳልክ ሁለት ማርሊን ሊኖሩ ይችላሉ አለ፤ እኔም ይችላሉ አልኩ። ሳቋን ቀድማ ያቆመችው ፋና ነበረች።

6. በማግስቱ በእረፍት ሰዓቴ መኪና ውስጥ ሆኜ ለማኅበሩ ደወልሁ። ያነሳው ሰው የሚላኩት ታሪኮች የአባሎቻችንን ችግር የሚወክሉ ናቸው አለኝ። የሚወክሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ስለዚህ «ማርሊን የምትባል ሴት አለች ወይስ የለችም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የአባሎቻችንን ምስጢር መግለጽ አንችልም» አለኝ።

ደብዳቤዬና የልጆቹ ካርድ የት እንደደረሱ ጠየቅሁ። የፍቅር መልእክት ሁሉ ይደርሰናል፣ ተባረክ ብሎኝ ዘጋ። ለእነሱ እንደሚደርሳቸው አልተጠራጠርኩም። የጠየቅሁት ለእሷ መድረሱን ነበር።

ለአቢጊያ ስነግራት «ዳዲ፣ ማርኬቲንግ እኮ ነው። ሶሪ» አለችኝ። ስለ ሥራዋ ጠይቄያት ተሰነባበትን። በሰኔ ወር ከማኅበሩ ወጣሁ።

7. አቤቱታዬ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ፋና ነፍሰ ጡር ናት፤ የመውለጃዋ ጊዜ ቀርቧል። እሷና ባለቤቷ አሁንም አባል ናቸው። የወሊዱን ወጪ ማኅበሩ ይካፈል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀው ነበር። የመጣላቸው መልስ እኛ ኢንሹራንስ ስላልሆንን ቃል አንገባም፣ ወጪው ሲቀርብ ይታያል የሚል ነው። እንዲህ ያለው መልስ ከምጥ በፊት ለአንዲት ሴት ምን ይጠቅማታል? ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥተው ነበር። ፋና ወጥተን ሌላ መንገድ እንፈልግ ትላለች፤ እንዳልክ ደግሞ እስካሁን ያዋጣነው ይቀርብናል፣ እንታገሥ ይላል። በዕድሜ ስለምበልጣቸው ምክር ጠየቁኝ። ይህን አቤቱታ ለመጻፍ የወሰንኩት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

8. ቢሮዎ ከእነዚህ ማኅበራት በየዓመቱ መረጃ እንደሚሰበስብ ተነግሮኛል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ማኅበሩ ይዘጋ አልልም። የወንድም ፍፁም ልጅ ክንዱ ሲሰበር ማኅበሩ ወጪውን በእርግጥ ከፍሎለታል፤ እሱም እስከ ዛሬ ያመሰግናል። እኔ የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ማንም ሰው ከመመዝገቡ በፊት፣ ማኅበሩ ለመክፈል ግዴታ እንደሌለበትና የማይካፈላቸው ሕመሞች የትኞቹ እንደሆኑ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ በግልጽ እንዲነገረው፤

ለ) ከቀረቡት ጥያቄዎች ምን ያህሉ እንደተከለከሉ፣ በምን ምክንያት እንደተከለከሉ፣ ከመዋጮውም ለሕመምተኛ የዋለው ስንት እንደሆነ ለቢሮዎ ብቻ ሳይሆን ለአባላቱም እንዲገለጽ፤ ይግባኝ የሚሰሙትም ሰዎች ማንነት እንዲታወቅ፤

ሐ) ለጸሎት የሚላክ ስም ሁሉ የሚኖርና ፈቃዱን የሰጠ ሰው ስም እንዲሆን፤ ምሳሌ ከሆነ ደግሞ ከላዩ «ምሳሌ» ተብሎ እንዲጻፍበት፤

መ) ለእንዳልክና ለፋና ከወሊዱ በፊት አዎ ወይም አይደለም የሚል ቁርጥ ያለ መልስ እንዲሰጣቸው ማኅበሩ እንዲጠየቅልኝ። እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ የእነሱ ጉዳይ ግን እንዲቀድም እለምናለሁ፤

ሠ) ማርሊን ትኑር አትኑር እንዲጣራልኝ። አድራሻዋንም ሆነ ሙሉ ስሟን አልፈልግም። አለች ወይም የለችም የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል። ካለች፣ ጀርባዋ ተሽሏት እንደሆነ ቢጨመርልኝ ደስታዬ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቢሮዎን የማይመጥን ቢመስል አይፍረዱብኝ። እኔ ብቻዬን የጸለይሁት ቢሆን በሆዴ ይዤው እቀር ነበር። ነገር ግን ጉባኤውን ሁሉ አስጸልያለሁ፤ ሕፃናት ሥዕል ሠርተዋል። አንድ ቀን በፊታቸው ቆሜ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ለመናገር ደግሞ ማወቅ አለብኝ። ባለፈው እሁድም ወንድም ፍቅረየሱስ በር ላይ ይዘውኝ እንዴት ሆነች አሉኝ። ከእሷ ወሬ የለም አልኳቸው። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ እንግዲያስ አጥብቀን እንጸልይ አሉ።

የቢሮዎን መልስ በትዕግሥት የምጠብቅ፣

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ዳኛቸው ሀብተወልድ
(ፊርማ)