ስለ ሦስቱ «ሥራ ፈት» ዲስኮች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና ላይ እንድታገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወግ ያህል አይደለም፤ ቢቻል በዚህ ሳምንት ጉንፋን እንኳ ባይዝዎት፣ ቢይዝዎትም ወደ እኛ ሆስፒታል ባይመጡ ይመረጣል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኳትም የቢሮዎ በር ሁለት ጊዜ ስለመለሰኝ ነው።

እኔ ምድር ቤት ያለውን የኮምፒውተር ክፍል የምጠብቀው ቴክኒሻን ነኝ። ባለፈው ወር የዲስኮቹን ዝርዝር ተመልክተው ከአራቱ የሎግ ዲስኮች ሦስቱ ባዶ መሆናቸውን ስላዩ፣ በስብሰባ ላይ «እነዚህ ሥራ ፈቶች ናቸው፤ ለሃያ አምስተኛ ዓመታችን ፊልም ማስቀመጫ ይሁኑ» ብለው በማዘዝዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስውል ስንፍናቸውን አለማስተዋሌ ያሳፍረኛል። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የሎግ ዲስክ ባዶ የሚሆነው ሥራውን ስለጨረሰ ነው። ሐኪሞቻችን ስለ ታካሚ የሚጽፉት ሁሉ እዚህ ዋናው ማሽን ላይ ይቀመጥና ቅጂው በመስመር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሕንፃ ይላካል። መስመሩ ሲደክም ያልተላከው ጽሑፍ እንደ አመጣጡ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀው ሎግ ዲስኩ ላይ ነው፤ ማዶ መድረሱ ሲረጋገጥ ከዚያ ይሰረዛል። ስለዚህ ባዶነቱ እንደ ድንገተኛ ክፍል ባዶ አልጋ ነው። አልጋዎቹንም ለበዓሉ እንግዶች መቀመጫ እንዳያደርጓቸው ፈርቼ ይህን ምሳሌ ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ አመንትቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ሰኞ ዕለት መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች መስመራችንን ጎድተውታል። ብቻውን የቀረው ዲስክ ማክሰኞ ጠዋት ስድሳ በመቶ ነበር፤ ዛሬ ረቡዕ ከምሳ በፊት ዘጠና አንድ ደርሷል። ከሞላ ቅጂው ይቋረጣል፤ እንደገና ሀ ብሎ ለመገልበጥ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ማዶ ያለው ማሽን የሚያውቀው እስከ ሰኞ ከሰዓት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዲስኮቹ እንዲመለሱ ለመለመን ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ መልካም እህታችን፣ «ወንድሜ፣ ፊልሙ ገና እየተቀናበረ ነው፤ ሪባን የሚቆርጡበትን ከየትኛው ወገን እንደምናሳይ አልወሰኑም» አለችኝ። ከአራት አቅጣጫ የተቀረጸ በመሆኑ ውሳኔው ከባድ እንደሚሆን እረዳለሁ፤ ሁሉም ያምርብዎታል።

አራተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ከዋናው ማሽን በላይ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ማሽኑም ከትናንት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው የሲጥሲጥታ ድምፅ ያሰማል። እናቴ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታለች፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና አላት። ትናንት ከሰዓት አንድ መድኃኒት ቢሰጧት ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት፤ ነርሷ ሮጣ ባትደርስላት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሐኪሙ «ይህ መድኃኒት ዳግም እንዳይሰጣት» ብሎ መዝገቧ ላይ ጻፈ። እርስዎ ዓምና ወረቀትን ስላስቀሩልን የጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው፤ ያቺ አንዲት መስመር አሁንም ዲስኬ ላይ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ማሽኑ ዛሬ ከነዲስኩ ቢሞት ነገ የምንከፍተው የማዶውን ቅጂ ነው፤ በዚያ ቅጂ ላይ እናቴ ምንም መድኃኒት የማይጎዳት ሴት ናት። ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ።

ለበዓሉ ድምቀት ሌት ተቀን የሚደክሙትን እርስዎን ከዚህ በላይ ማስቸገር ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ከባልዲው አጠገብ በአንድ እግሬ ቆሜ መልስዎን በመጠባበቅ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ትእዛዝዎን ፈጽሞ ዲስኮቹን በገዛ እጁ የነቀለው፣
የምድር ቤቱ ቴክኒሻን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ዲስኩ ሞላ፤ ቅጂውም ተቋረጠ። ወዲያው ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ የመድኃኒቱን ስም እናቴ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። «ምን እየሞነጫጨርክብኝ ነው፣ ልጄ?» ብትለኝ፣ ለሐኪሞቹ ነው አልኳት። እዚህ የተኙት ሌሎች ሁለት መቶ አሥር ሰዎች ግን ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ፊልሙን ከዲስኮቹ ማንሣት የማይሆንልዎ ከሆነ፣ አንድ ካርቶን እስክሪብቶ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ፤ ከአንደኛ ፎቅ ይጀምሩ።