ከውስጥ ብቻ የሚከፈተው ፖርት 443

ለጅዳና ለመካ ነዋሪዎች በከባድ ኀዘን ይፋ የምናደርገው፣ ፖርት 443 የተባለው የአንድ ድረ ገጽ መግቢያ ትንፋሹ ከጠፋ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ መሆኑን ነው።

ለክቡር አቶ ጥላሁን፣
የኑር ሳሒል የጉዞ ሰነድ ቀጠሮ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ሸረፊያ፣ ጅዳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ደጅ ቆመን በመስታወቱ የምናየው ማቀዝቀዣዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከፀሐዩ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

እዚሁ ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለችው እኅታችን ሀሰና፣ ከሚሴ ከተማ አልጋ የያዙ እናቷን በሕይወት ለማግኘት ኹሩጅ፣ ማለትም የመውጫ ፈቃድ፣ አውጥታለች። ፓስፖርቷ ስላረጀ ከእርስዎ ዘንድ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋታል፤ ለሰነዱ ቀጠሮ፣ ለቀጠሮው ደግሞ ድረ ገጽዎ። ሀሰና እስከ ሐሙስ ጊዜ አላት፤ ከዚያ ወዲያ የመውጫ ፈቃዷ አይሠራም። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1. ባልደረባዎ ሙክታር በስልክ «እኛ ጋ ይሠራል፤ የራሳችሁን ኢንተርኔት አሠሩ፣ ኻላስ!» ብሎናል። ለምክሩ እያመሰገንኩ፣ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝና፣ ቴልኔት በሚባለው በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራ መሣሪያ አድራሻዎንና 443ን ጽፌ አንኳኳሁ፤ ከቤቴም፣ ከሞባይልም፣ ከጎረቤትም መስመር። የሌላው ሰው ፖርት በሰከንድ ሲከፈት የእርስዎ ዝም አለ። በሙያችን «አይቻልም» የሚል መልስም አለ፤ እሱ ቢመጣ እንኳ ማዶ ሰው አለ ብለን በተጽናናን ነበር።

2. ዓርብ መካ ሄጄ ከዘመዴ ከሰልማ ሱቅ ሞከርኩ፤ ያው ዝምታ። ሰልማ ሣቀችብኝ፦ «ከዚህ የተደረገ ዱዓ ሰባት ሰማይ ያልፋል፤ ያንተ ጥያቄ ሸረፊያ መድረስ አቃተው እንዴ?» ስለ ክብርዎ ስል ወሬውን ቀየርኩ።

3. ሰኞ ከሀሰና ጋር ደጅዎ ቆመን ሙክታርን ለመንነው። ደግ ሰው ነው፤ የእኔኑ ትእዛዝ በራሱ ኮምፒውተር ጽፎ በመስታወቱ አሳየን፤ በቅጽበት ተከፈተ! አውራ ጣቱንም አነሣልን። ፋየርዎልዎ፣ ማለትም የድረ ገጽዎ መከላከያ ግድግዳ፣ የሚያስገባው ቀድሞውኑ ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ነው ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ሆኖ በሩን የሚያንኳኳ ሰው፣ መቼም «ዝግ ነው» አይልም። ሀሰና «እንግዲያው አስገቡኝና ውስጥ ሆኜ ቀጠሮውን ልያዝ» ብትል፣ ዘበኛው «ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነው፣ ያላ!» አላት። ሙክታር ይያዝላት ቢባልም ቀጠሮ የሚያዘው በባለጉዳዩ ስልክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስልኳ ደግሞ ከእርሷ ጋር ደጅ ነው፤ እሱም ያለ ቀጠሮ አይገባም።

4. ፋየርዎሉ ላይ የሚስተካከለው አንድ የትእዛዝ መስመር ነው። አምስት ደቂቃ። በነፃ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለዚህም ቀጠሮ ያዝ ተባልኩ።

ለማያዳላው ግድግዳዎ፣ ለዘበኛዎና ለሙክታር አውራ ጣት ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

ከመስታወቱ ወዲህ፣ ፀሐይ ላይ በክብር የሚጠብቅዎ ታዛዥዎ፣
ባሕሩ፣ ከበግዳዲያ
ረቡዕ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በድረ ገጽዎ የአስተያየት ሣጥን ልልከው ሞክሬ ነበር።

ማረሚያ (እሑድ)፦ ፖርት 443 ዛሬ ጠዋት ስለተከፈተ «ትንፋሹ የጠፋ» በሚል የወጣው ማስታወቂያ ተሽሯል። እንዲሁም «ሀሰና እስከ ሐሙስ ጊዜ አላት» የሚለው፣ «ነበራት» ተብሎ ታርሞ ይነበብ።