ጎመኑና ሶላሩ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሁለት ሰዎች ሜትር ዘርግተው ጎመኔ መሀል ቆመው አገኘኋቸው። "ቦንጁር" አሉኝ፤ "ቦንጁር" አልኩ። ምን እንደሚለኩ አልጠየቅኩም፤ ውኃ ሰጠኋቸው። ውኃ የጠጣ ሰው ራሱ ይናገራል። የሕንፃው ባለቤት አቡ ኤሊ በጄኔሬተር ተማረዋል፤ ጣራውን በሙሉ በሶላር ሊሸፍኑት ነው።

ያለኝ ይህ ነው፦ አራት ረድፍ የሐበሻ ጎመን፣ በለብኔ እርጎ ባልዲ የተተከለ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ፣ ድንብላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምሸጠው ሁሉ የሚበቅለው እዚህ ዓረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ አናት ላይ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሪማ የምትባል የዚህ አገር ልጅ ጎብኚ ታመጣለች። የከተማ እርሻ ያያሉ፣ አፈር ይነካሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ጣራው ከሄደ ሁለቱም ሄዱ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ተመልሼ "እሺ ማዳም" አልልም።

እግሬ አብጧል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዘይነባ ጉድ ሠራችኝ። የእርሻው እኩል ባለቤት ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ጠዋት ጀማይዜ ሰፈር ምግብ ቤት ታጸዳለች፣ ከሰዓት እዚህ ትኮተኩታለች። እዚህ አገር ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አቡ ኤሊ ደረጃ ላይ አግኝተዋት "በወሩ መጨረሻ ጣራውን ትለቃላችሁ?" ብለዋታል።

"አንቺስ?"

"እሺ አልኳቸው።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ያኒ ምን ልበል ብርቄ? ሽማግሌ ናቸው፣ ቤቱ የሳቸው ነው። ሦስቴ ጠየቁኝ፣ ሦስቴም እሺ አልኩ። ደንግጬ ነበር።"

አልጮህኩባትም። ጩኸት የወጣ ቃል አይመልስም። ነጋዴ ግን በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጣራ ፍለጋ መዝረዓ ሰፈር ዋልኩ። አንደኛው ላይ ሶላር አለ። ሁለተኛው ላይ ሶላርም እርግብም አለ። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ባለቤቷ ግን "ጎብኚ አልፈልግም፣ ሐበሻም አልፈልግም" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። መርሲ ብዬ ወጣሁ።

ለሪማ ገና አልነገርኳትም። ባልዲዎቹን ማን ያወርዳቸዋል? መብራት በሌለ ጊዜ ሊፍት የለም። አፈር ደግሞ ሲወጣ የከበደውን ያህል ሲወርድም ይከብዳል።

ትንሽ ድል፦ ድንብላሉ ብቅ ብሏል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አቡ ኤሊ እያለከለኩ ጣራው ላይ ወጡ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

"ቢርኬ" አሉኝ። ብርቄ ማለት አይሆንላቸውም፤ ቢርኬ በእነሱ ቋንቋ ኩሬ ነው። "ቢርኬ፣ ያቺ ጓደኛሽ ድንጋይ ናት።"

"ምን አደረገች?"

"ትለቃላችሁ ወይ ስላት፣ እንዲህ!" ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። "ሦስት ጊዜ! አፏን እንኳ ሳትከፍት! ሚስቴ በአርባ ዓመት እንዲህ ደፍራኝ አታውቅም።"

ገባኝ። የእኛ ሰው እሺ ሲል ቅንድቡን ያነሣል፣ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ አለቀ። እዚህ አገር ቅንድብ ማንሣት እንቢ ነው፤ ያውም ክርክር የማይቀበል እንቢ። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ማዳሜ "መስኮቱን ወለወልሽው?" ባለች ቁጥር ቅንድቤን እያነሣሁ ስንት ስድብ ጠጥቻለሁ።

ፊቴን አልቀየርኩም። "እሷን ይተዉአት" አልኳቸው፤ "ከእኔ ጋር ይነጋገሩ።"

ተነጋገርን። ሶላሩ በብረት እግር ከሰው ቁመት በላይ ይሰቀላል፤ እኛ ከሥሩ እናርሳለን። አቧራውን በየሳምንቱ እኛ እናጥባለን። ጎብኚ ከምሳ በኋላ፣ በአቡ ኤሊ የእንቅልፍ ሰዓት፣ ደረጃ ላይ አይጮህም።

"ኸላስ?"

"ኸላስ።"

ለዘይነባ ሶላሩ እንደሚሰቀል ብቻ ነገርኳት። የቅንድቡን ነገር አልነገርኳትም። ካወቀች ሮጣ ሄዳ እንደምታቃናው አውቃለሁ። ብረቱ እስኪበየድ ዝም ማለት ይሻላል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

በያጁ መጣ። ብልጭታው ቅጠል እንዳያቃጥል አሮጌ አንሶላ በውኃ ነክረን ጎመኑን ሸፈንን።

"እኔ ካበላሸሁት በኋላ እንዴት ሐሳባቸውን ቀየሩ?" አለችኝ ዘይነባ።

"ተነጋገርን አልኩሽ እኮ።"

"ይቅር በይኝ፣ ብርቄ።"

ጥፋቷን ልትክስ የእኔንም ጀሪካን ተሸከመች። እንድትሸከም ተውኳት። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሰባት ጎብኚዎች። ሪማ ጓንት አደለቻቸው። አንዱ በሶብላውን አረም መስሎት ከነሥሩ ነቅሎ በኩራት አሳየን። ዘይነባ እየሣቀችለት በአማርኛ "እጅህን ቁርጥማት ይያዘው" አለችው። እሱም "መርሲ" አላት።

ከሄዱ በኋላ ጓንቱን ስንሰበስብ፣ "እኛ ጋ አራሚ ስትጠሪ አብልተሽ፣ አጠጥተሽ፣ መርቀሽ ነው የምትሸኚው" አለች። "እነዚህ አርመው፣ ከፍለው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። የእኛን ጤፍ ምነው ባረሙልን!"

ሣቅን። ብረቱ እኩለ ቀን ላይ ተበይዶ አልቆ ነበር። ያኔ ነገርኳት።

እሷ መሣቋን አቆመች። "ትላንት ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ስለምንሽ ታውቂ ነበር?"

"ብረቱ እስኪበየድ ብዬ ነው።"

"ጎሽ፣ ነጋዴ። እኔ ግን እሺ ብያለሁ። እሳቸው ባይገባቸውም አላህ ያውቃል። ነገ እነግራቸዋለሁ።"

"ጣራውን ቢወስዱብንስ?"

"ይውሰዱት።"

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጎመኑን በጠዋት ሸጬ ተመለስኩ። ዘይነባ ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ አቡ ኤሊ ቤት፣ ስትወርድ አየኋት። ልከለክላት እችል ነበር፤ አልከለከልኳትም። ደረጃው አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች መጀመሪያ ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ የሴት ሣቅ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣች። መጀመሪያ ተቆጥተዋል። ቀጥለው ሚስታቸውን ጠርተው "እስቲ እኛ እሺ እንዴት እንደምንል አሳዪአት" አሏት፤ ሴትዮዋ እስክታለቅስ ሣቀች።

"ስለ ጣራውስ?"

"ብረቱ ቆሟል፣ አንድ ዓመት እንሞክር አሉ። ከዚያ በላይ ቃል አልገቡም።"

አንድ ዓመት። ብዙ አይደለም፤ ከወሩ መጨረሻ ግን ይሻላል። ይቅርታ ጠየቅኳት። "ሰምቻለሁ" አለች። ባልዲዎቹን ሳንነጋገር ከብረቱ ሥር አስገባን።

የሶላሩ ሰሌዳዎች ማክሰኞ ይወጣሉ። ጎመን ጥላ ይችላል። ቃሪያ ፀሐይ ካላገኘ አያፈራም፤ የት እንደማደርገው አላውቅም። ዘይነባ የገበሬ ልጅ ናት፣ ታውቅ ይሆናል። ነገ ካናገረችኝ እጠይቃታለሁ።