የሽማግሌው ዋጋ

ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ታጥቦ ጭቃ ነው? ባለቤትህስ? በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጅህስ አደገች? እኔ እጅ እግሬ ደህና ነው። ልቤ ግን አላረፈም፤ ምክንያቱን ሳልደባብቅ ልንገርህ።

ስትሄድ የተውክልንን የትረካ ጨዋታ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። ከተሞች ሁሉ ከፈረሱ በኋላ የተረፉት ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው የምተርከው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ነርሷና አንተ «ብሎን» ያልከው መካኒክ ከተረፉት አንድ አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ። አባባም ልቡን ከታመመ ወዲህ ቤት መዋል ሰለቸውና ገባበት። ምን መሆን ትፈልጋለህ ስለው፣ ሽማግሌ ነዋ፣ ሌላ ምን እሆናለሁ አለ።

በዚያ ዓለም ገንዘብ ስለሌለ ሁሉም ነገር በውሃ ነው የሚገዛው፤ መለኪያው አንድ ሰው በቀን የሚጠጣው ነው። ያንተ የዋጋ ዝርዝር ብዙ የጎደለው ስለነበር ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አወጣሁ። ጎማ መለጠፍ የሁለት ቀን ውሃ፣ ቁስል መስፋት የስድስት፣ የልብ መድኃኒት የስልሳ። ሰው ለመቅጠርም ዋጋ አወጣሁ፤ መካኒክ አራት፣ ጠባቂ ሦስት። ሽማግሌ ግማሽ። እጄን በቆረጠው! አይሸከም፣ አይዋጋ፣ ምን ይሠራል ብዬ ነው። ዝርዝሩን ደግሞ አባባ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ በጨዋታው ውስጥ የአባባ ሽማግሌ ልቡን ታመመ። ነርሷና ብሎን የውሃ ማጣሪያቸውን ሸጠው መድኃኒቱን ሊገዙለት ተስማሙ። አባባ ግን ግማሽ ለሚያወጣ ሰው ስልሳ አይከፈልም ብሎ ድርቅ አለ። ብሎን ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም፤ የአባባን እግር ስታይ ቆይታ ወደ ማድቤት ጠራችኝና አባትሽ እግሩ አብጧል፣ መድኃኒቱን በእርግጥ ይውጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አባባ መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበትን መሳቢያ ከፈትኩ። የመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ አንድ ፍሬ የለም። ለመግዣ የሰጠሁት ብር ነው ተጣጥፎ የተቀመጠው፤ ለእሷ ይሁን ብሎ የልጅህን ስም ጽፎበታል። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ ስጮህበት፣ ፈገግ ብሎ ሒሳቡን የሠራሽው አንቺው ነሽ አለኝ።

መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ዝርዝሩ ግን ገና የሦስት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ እኔ አይደለሁም ያስተማርኩት። በልቡ ይዞት የኖረውን ነው ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩለት። ይህ ይብስብኛል።

መድኃኒቱን ያኑ ዕለት ገዛሁ። አሁን እያየሁት ይውጣል፤ ነርሷም ገና አልረፈደም ብላናለች። ግን ለእኔ ብሎ እንጂ ለራሱ ብሎ እንዳልሆነ አየዋለሁ። የሽማግሌውን መስመር ሰርዤ ሌላ ዋጋ ልጽፍ ብዬ እስኪብርቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አቃተኝ። ታስፈልገናለህ ስለው፣ ልጄ ስለሆንሽ ነው ይለኛል።

ባለቤትህን በጣም እንደናፈቀችኝ ንገራት፤ ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ። ነርሷ ሰላም ብላሃለች። ብሎንም ሰላም ብሏል፤ ያንተ አተራረክ ከእኔ ይሻል ነበር እያለ ያናድደኛል። አባባን ለወንድሜ ምን ልበልልህ ስለው፣ ሥራ አታስፈቺው አለኝ።

ስለዚህ ወንድምዬ፣ ሥራህን ፍታና ደውልለት። መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳታነሣ። ዕድሜ ልኩን የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ማድቤትህ ያለው ቧንቧ ቢያንጠባጥብ እንዴት እንደሚጠገን ጠይቀው። ባያንጠባጥብም ጠይቀው።

እህትህ
ከቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
ጥቅምት 9 ቀን