ኤልመር ሰክሮ አልነበረም

ለምወድሽ ልጄ ለኔሊዳ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ማውሮ ሥራው እንዴት ይዞታል? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል። በስልክ ወንድምሽ ሞተ ከማለት በቀር አንደበቴ አልታዘዘልኝም። የቀረውን ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ።

ያን ቀን ወንድምሽ ኤልመርና አጎትሽ ሴፌሪኖ ዓሣ ለማጥመድ ወጡ። ሲመለሱ ጉሙ ወረደና የጀልባዋ ጫፍ እንኳ አልታይ አላቸው። እንደምታውቂው እኛ በጉም ጊዜ ቤታችንን የምናገኘው አሽትተን ነው። የወሽመጣችን ጭቃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሽታው ሲበረታ ደርሰናል ማለት ነው። አጎትሽ እንደ ልማዱ፣ አንተ ውሻ፣ በል አሽትትና አድርሰን ብሎ ቀለደበት። ኤልመር ስቆ ጀልባዋን አዞረ።

«ሽታው መጣልኝ አጎቴ፤ እማዬ ደጃፍ ደርሰናል» አለው።

እነሱ ግን ከወሽመጣችን ውጭ ካለችው ደሴት ቋጥኝ ሥር ነበሩ፤ ጀልባዋ ተላትማ ተሰባበረች። ሴፌሪኖን የነዳጅ ጀሪካን አቅፎ ሲንሳፈፍ በሕይወት አገኙት። ወንድምሽን ባሕሩ በሦስተኛው ቀን መለሰልን፤ ከአባትሽ ጎን ቀበርነው።

የወደቡ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ሰክረው ነው ብሎ ጻፈ። ሰዉም ተቀበለው። እዚህ ያደገ ልጅ ሳይጠጣ ቤቱ መስሎት ወደ ደሴቲቱ አይነዳም ይላሉ።

የባሕሩን አየር የምትለካ የዩኒቨርሲቲ ልጅ አለች፤ እሷ ቤቴ ድረስ መጣች። በደህናው ቀን ባሕሩ የሚሸተው ውሃው ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ዕፅዋት በትናንሽ እንስሳት ሲበሉ ነው፣ ወፎቹም ያንን ተከትለው ምግባቸውን ያገኛሉ አለችኝ። ያን ዕለት ግን ከደሴቲቱ ወዲያ፣ ከጥልቁ፣ እንደ ወሽመጣችን ያለ የበሰበሰ ጭቃ ድኝ ያለበትን፣ ያንኑ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ተፍቶ ነበር። መሣሪያዋ መዝግቦታል። የጀልባዋን ስብርባሪ አሳየኋት፤ ነጩ ቀለም ጠቁሯል። ዳሰሰችውና «ይህን ያደረገው ጋዙ ነው፣ እናቴ» አለችኝ።

ጣውላውን ተሸክሜ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ።

«ሽታ መዝገብ ላይ አይጻፍም፣ ሴትዮ» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩት። ኤልመር ጠብታ አልቀመሰም። አፍንጫውም አልሳተም። በስድስት ዓመቱ ዓይኑን በመሀረብ አስሬ ሽታውን ተከትሎ ቤት እንዲገባ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትን አደረገ። ይህን ወረቀት አትጣይው።

ማውሮን እናትህ ሰላም ትልሃለች በዪው። አማትሽን እጅ ንሺልኝ። ሕፃኗን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አጎትሽ ሴፌሪኖ ሰላም ይልሻል፤ ባሕር መውጣት ትቷል።

እናትሽ ሆርቴንሲያ
ፕላያ ኔግሪታ፣ ፔሩ
ሜይ 9 ቀን 2004